የኪሱ ቦታ

«ማነው ይሄን የከፈተው?» አለች ቆራጯ፣ የቁም ሳጥኑን በር በአንድ እጇ እንደያዘች።

ሴቶቹ ገና ጋውናቸውን እየቆለፉ፣ የስፌት ማሽኖቻቸውን ልባስ እየገለጡ ነበር። መልሱ የመጣው እንደተለመደው ከራዲዮ ነው። ራዲዮ ዚፕ ገጣሚ ናት፤ አፏ ስለማያርፍ የወጣላት ስም ነው። እሷም አልተቀየመችም፤ እንዲያውም አሁን አሁን በእውነተኛ ስሟ ቢጠሯት ዞር አትልም።

«እኔ ነኝ። እትዬ በማለዳ መጥታ 'የልጄን ብርድ ልብስ ልተኩሰው፣ ክፈቺልኝ' አለችኝ፤ ከፈትኩላት። ምነው፣ ቀለምሽ እንዳይበርድብሽ ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ቆራጯ ግን አልሳቀችም። ብርድ ልብሱን ቤቷ ወስዳ እንደነገሩ ተኩሳው፣ አጣጥፋ፣ ትናንት ማታ እዚህ መልሳ አምጥታ ቆልፋበት ነበር የሄደችው። አሁን ስፌቱ ሁሉ ተኝቷል፤ ጠርዙ ቀጥ ብሏል፤ እጥፋቱ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። እንዲህ አድርጎ መተኮስ የሚችል በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። እንዲህ አድርጎ የተኮሰ ሰው ደግሞ እያንዳንዷን ቁራጭ በእጁ ዳስሷታል ማለት ነው። የብርድ ልብሱን መሃልም ጭምር።

ብርድ ልብሱን ከቁም ሳጥኑ አነሳችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጋረጃና አንሶላ በሚሰፋበት በዚህ ቤት አንዲት ልጅ ስታገባ ከሱቅ የተገዛ ስጦታ አይሰጣትም። ሁሉም ከየቤቱ፣ ከገዛ ልብሱ ላይ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ቆርጦ ያመጣል፤ ቁራጮቹ ይገጣጠማሉ፣ ጥጥ ይገባባቸዋል፣ ገበር ይደረግላቸዋል፣ ብርድ ልብስ ይሆናሉ። ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም። ሕጉን ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ የማንም ጨርቅ አይቀርም፣ መሃሉ ደግሞ የእናት ነው። በሚሰጥበት ቀን እያንዳንዱ ሰው እጁን በየራሱ ጨርቅ ላይ አድርጎ ጨርቁ ምን እንደነበረ ይናገራል። እናት መጨረሻ ላይ ትመጣና መሃሉን ትነካለች። ከዚያ ይጠቀለላል።

ቁራጮቹን የምትደረድረው ቆራጯ ናት። ዓይን አላት፤ ይሄንን የሚጠላትም አይክዳትም። «እመት ቀለም» ብለው የሚጠሯት ለሹፈትም ለክብርም ነው። ጨርቆቹን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ትበትንና በርጩማ ላይ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ከላይ ታያቸዋለች። ዓይን ጨፈን ሲል አበባው፣ ነጠብጣቡ፣ መስመሩ ሁሉ ይጠፋና ቀለሙ ብቻ ይቀራል፤ የትኛው እንደሚጮህ፣ የትኛው እንደሚያንቀላፋ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ትወርድና አንዱን ትገፋለች፣ አንዱን ታዞራለች፣ ተመልሳ ትወጣለች። ሌሎቹ ምሳቸውን እየበሉ ያዩዋታል።

«እንዲህ አድርገሽ ከባልሽ ጋርም ተጫውተሽ አታውቂ» ትላታለች ራዲዮ።

አሁን የምታገባው የእትዬ ልጅ ናት። እትዬ የቤቱ ልብስ ተኳሽ ናት፤ ሁሉም ዝም ብሎ «እትዬ» ይላታል፤ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ልጇም እዚሁ ጠርዝ ትሰፋለች። ለዚህች ልጅ የመጣው ጨርቅ ደግሞ ጉድ ነበር! የሚያበራ ቢጫ፣ የበሰለ ብርቱካን፣ የወይን ጠጅ፣ ለምለም አረንጓዴ፣ ጥቁር ሊባል ትንሽ የቀረው ሰማያዊ። ቆራጯ ባየቻቸው ጊዜ እንደ ሕፃን ነው የፈነጠዘችው። ሦስት ማዕዘን ሦስት ማዕዘን አድርጋ ቆረጠቻቸውና ከዳር ከቀዝቃዛው ተነስታ፣ ወደ ውስጥ እያሞቀች እያሞቀች ደረደረቻቸው። ከበርጩማው ላይ ሲታይ እሳት ነው። መሃሉ ብቻ ባዶ ነበር።

የእትዬ ጨርቅ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ የታጠፈ፣ እንፋሎትና ሳሙና የጨረሰው፣ ግራጫ ነው እንዳይባል ቡኒ፣ ቡኒ ነው እንዳይባል ግራጫ የሆነ ነገር። ቆራጯ እንደታጠፈ መሃሉ ላይ አስቀመጠችውና በርጩማው ላይ ወጣች፤ ዓይኗን ጨፈን አደረገች። በእሳቱ መሃል አመድ የተደፋ መሰላት።

«ሌላ አምጪልኝ» ማለት ትችል ነበር። አፈረች፤ ሰውን ማሳፈር ይሆንብኛል አለች። እንዴት ያለች አዛኝ! ይልቅ ጨርቁን ሳትዘረጋው ቁርጥራጭ የሚጣልበት ከረጢት ውስጥ ወረወረችና የቀረውን ጠቅልላ ቤቷ ወሰደችው። እዚያ የራሷን ቀይ ቀሚስ ከታች ቆርጣ መሃሉ ላይ አደረገችው። እሳቱ ቦግ አለ። ቀሚሷን ስለቆረጠች እንኳ ቅር አላላትም። ማን ያስተውላል? እትዬ ሳትተኩሰው ከተሰጠ፣ በጭብጨባና በሳቅ መሃል እንባዋን እየጠረገች ታልፈዋለች። እንዲህ ነበር ስሌቱ።

አሁን ግን እትዬ ተኩሳዋለች። ቆራጯ ብርድ ልብሱን መልሳ አስቀመጠችና ወደ መተኮሻው ጠረጴዛ ሄደች። ከመሄድ መቅረት ይሻላት ነበር፤ ግን እግሯ እሺ አላላትም።

«እንደምን አደርሽ፣ እትዬ።»

«ደህና። አንቺስ?» እትዬ ከካውያው ላይ ቀና አላለችም። አንሶላ እየተኮሰች ነበር። «ጠርዙ ላይ ትንሽ ተሸብሽቦብሽ ነበር። የቤት ካውያ አይሆነውም። አስተካክዬዋለሁ።»

ቆራጯ ጠበቀች። ቁጣው ይመጣል፣ ነቀፋው ይመጣል ብላ ቆመች። ምንም አልመጣም። እትዬ አንሶላውን ገለበጠችና ሌላውን ጎን ቀጠለች። ብትሰድባት ምን ነበረበት! ስድብ ቢመጣ መልስ ይገኝለት ነበር።

«እጅሽ ይባረክ» አለች ቆራጯ፣ ሌላ የምትለው ስላጣች። ይሄንን ቃል ካወጣች በኋላ ምላሷን ነክሳ ብትቆርጠው ደስ ባላት።

ያን ጠዋት የቆረጠችው መጋረጃ ሁሉ ጠመመባት። በመቀሱ ድምፅ መሃል አንድ ሐሳብ ብቻ ይመላለስባት ነበር፤ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ብርድ ልብሱ ሲሰጥ ልጅቱ እናቷን «የአንቺ የትኛው ነው?» ትላታለች። እናትየዋስ ምን ትላለች?

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ማሽኖቹ ዝም አሉ። ብርድ ልብሱን በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉት ሴቶቹ በአንድ ድምፅ «ኧረ!» አሉ። ሙሽራዋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። መካኒኩ ሳይቀር የዘይት እጁን ወደ ኋላው ደብቆ መጣ።

«ድሪቶ ሰፍታችሁ ነው ሙሽራ የምትሸኙት?» አለ ለወጉ ያህል፤ ዓይኑ ግን ከቀለሙ ላይ አልተነሳም።

«አንተ ዝም በል፣ ያንተም ጨርቅ አለበት!» አለችው ራዲዮ፤ እሷው ጀመረች። እጇን አንዲት ባለ መስመር ሰማያዊ ቁራጭ ላይ ጫነች። «ይቺ የባሌ ፒጃማ ናት። እስካሁን ይፈልጋታል። እንዳትነግሩብኝ።»

ቁልፍ ሰፊዋ የእናቷን ጉርድ ነካች፤ ከእናቷ የቀረው እሱ ብቻ እንደነበር ተናገረች። መካኒኩ አረንጓዴውን ባንድ ጣቱ ጫፍ ነካ። «ይሄ ሸሚዜ ነው። አሁንም ሸሚዝ ነው፤ ጀርባው ብቻ ነው የጎደለው» አለ፤ ሳቁ ቤቱን ሞላው። ተራው ቆራጯ ጋ ደረሰ። ቢጫዋን ነካች። «ይሄ የትራስ ልብስ ነበር» አለች። ድምፅዋን ራሷ እንኳ አልሰማችውም።

«ጮክ በይ እንጂ እመት ቀለም፣ ዛሬማ ቀንሽ ነው!» አሏት።

ከዚያ ሰዎቹ ገለል ገለል አሉ። እትዬ መጣች። እጇን ጋውኗ ላይ አበሰች፤ ሁለቴ አበሰች። ቆራጯ ወለሉን እያየች ነበር። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ይላል ሰው፤ እሷ ግን ከልቧ ነው የለመነችው።

እትዬ መዳፏን ዘርግታ ቀዩ ላይ አኖረችው።

«ይሄ የኔ ነው» አለች።

ቆራጯ ቀና አለች። እትዬ አላየቻትም፤ ልጇን ነው የምታየው።

«ቀይ? እማ፣ አንቺ?» አለች ሙሽራዋ። «እኔ ቀይ ለብሰሽ አይቼሽ አላውቅም!»

«ልጅ ሆኜ ነዋ። ያኔ አንቺ የት ታውቂኛለሽ?»

«እኔ'ኮ ያንን አሮጌ ጋውንሽን የምታመጪ መስሎኝ ነበር። ሰማያዊውን።»

«እሱማ አለቀ» አለች እትዬ። «ምኑን ይዤ እመጣለሁ?»

ጭብጨባው ወረደ። ሙሽራዋ ጎንበስ ብላ ቀዩን ጨርቅ ሳመችው። አንዴ አይደለም፤ ደጋግማ ሳመችው። ከዚያ ተነስታ የቆራጯ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«እመት ቀለም፣ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው! እንዲህ ያለ ነገር ዕድሜዬን አላየሁም።»

ቆራጯ ላብ በላብ ሆነች። የልጅቱ ጉንጭ ጉንጯን ሲነካት ፊቷ ጋለ። አፏን ከፈተች፤ ግን ሁሉም ይስቅ ነበር፤ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር። አፏን መልሳ ዘጋችው።

ሰዉ ሲበተን ራዲዮ ክንዷን ያዘቻት።

«ስሚ እስቲ፣ ያ ቀይ ያንቺ ቀሚስ አይመስልም? ያ ለእህትሽ ልጅ ምርቃት የለበስሽው?»

«አይ፣ ይመሳሰላል እንጂ።»

«እኔም'ኮ ይመሳሰላል ነው ያልኩት» አለች ራዲዮ፤ ግን ዓይኗ ትንሽ ቆየባት።

እንግዲህ አንድ የነበረው ጥፋት ሁለት ሆነ። ሰው በመጀመሪያው ሲያፍር ሁለተኛውን እንዴት እንደሚጨምርበት ለቆራጯ ገረማት። የሴትዮዋን ጨርቅ ማስቀረቷ ሳያንስ፣ ሴትዮዋን በልጇ ፊት ውሸታም አደረገቻት። ምሳዋን ሳትነካ ወደ መተኮሻው ሄደች። እትዬ ብቻዋን በርጩማ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታ ነበር።

«እትዬ...»

«ተቀመጪ።»

«መቀመጥ አልችልም። አይተሻል አይደል? ጠዋት።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ለምን አልሰደብሽኝም?»

«ምን ብዬ? ጨርቄ እንደማያምር እኔም አውቃለሁ። ሳመጣውም አፍሬ ነው ያመጣሁት። ሌላው ሁሉ ሐርና አበባ ይዞ ሲመጣ አየሁ። አጥፌ የሰጠሁሽ ለምን ይመስልሻል? ሰው እንዳያየው ነው።»

ቆራጯ የምትገባበት ጠፋት። እሷ ብቻ ያፈረች መስሏት ነበር ለካ።

«እትዬ፣ እኔ...»

«ተይው አሁን። ልጄ ደስ ብሏታል፤ አላየሻትም? ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጨርቁን መልሺልኝ። እንዲሁ አስቀምጠዋለሁ። የት ነው ያለው?»

«አለ» አለች ቆራጯ ወዲያው። «አለ፣ አመጣልሻለሁ።»

የት እንዳለ ግን አታውቅም። ወደ ከረጢቱ ሮጠች። ባዶ ነው። ዙሪያውን ብታይ ምንም የለም። ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል መካኒኩ የተበላሸ ማሽን ሆዱን ከፍቶ ተጎንብሶበት ነበር።

«ከረጢቱ ውስጥ የነበረውን ጨርቅ ማን ወሰደው?»

«እኔ ነኛ። ሁሌ የምወስደው እኔ አይደለሁ? በምን ልጥረግ?»

«አንድ የታጠፈ ነበር። ግራጫ ነገር።»

«እሱማ ጎበዝ ጨርቅ ነው» አለ መካኒኩ። «ዘይት ይጠጣል። ያረጀ ጥጥ እንደሱ ነው።» ከጉልበቱ ስር አወጣና ሰጣት።

እንደታጠፈ ነበር። አንዱ ጎኑ በማሽን ዘይት ጠቁሯል። ቆራጯ እዚያው ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘረጋችው። መሃሉ ላይ፣ በዚያ ስም በሌለው ቀለም ላይ፣ አንድ የመዳፍ ስፋት ያለው ቦታ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል። ኪስ የነበረበት ቦታ ነው። ፀሐይም፣ ሳሙናም፣ እንፋሎትም ያላገኘው። በዙሪያው የድሮው ስፌት ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ በአንዱ ማዕዘን በኩል ጨርቁ ተጎትቶ ተጎትቶ ተቀዷል፤ በእጅ ተጠግኖ ተሰፍቷል። ዘይቱ ከሰማያዊው ግማሹን ይዞታል።

ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ሳትዘረጋ ቆርጣ አታውቅም። ለመጋረጃ እንኳ፣ ለማታውቀው ሰው መጋረጃ እንኳ፣ ዘርግታ፣ ገልብጣ፣ በብርሃን አይታ ነው መቀስ የምታነሳው። ይሄንን ብቻ ነው ሳትዘረጋ የጣለችው። እና እመት ቀለም ትባላለች!

ቧንቧው ስር ወስዳ በሳሙና አሸችው። አሸችው፣ አለቀለቀችው፣ ደግማ አሸችው። ግራጫው ጸዳ፤ ዘይቱ ግን አልለቀቀም። እትዬ ከኋላዋ መጥታ ቆማ እንደነበር ያወቀችው ስትናገር ነው።

«ተይው፣ አይለቅም። የማሽን ዘይት ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ።»

ቆራጯ እርጥቡን ጨርቅ እንደያዘች ዞረች። አለቀሰች። ለማልቀስ መብት እንደሌላት እያወቀች አለቀሰች፤ ይሄም አሳፈራት።

እትዬ ጨርቁን ከእጇ ወሰደችና ጨመቀችው። «ይቺ ልጅ ዳዴ ስትል የሚይዝልኝ ሰው አልነበረኝም» አለች ረጋ ብላ። «እዚሁ ይዣት እመጣለሁ። ካውያው ደግሞ እሳት ነው። 'ኪሴን ያዢ፣ እንዳትለቂ' እላታለሁ። ትይዛለች። ኪሴ ሲሳብ ልጄ አለች፤ ላላ ካለ ካውያዬን አስቀምጬ ፍለጋ ነው። ስትጎትተው ስትጎትተው ይሄው ቀደደችው። ሰፋሁት፤ ደግማ ቀደደችው። በመጨረሻ ኪሱ ራሱ ወልቆ ቀረ፤ ቦታውን ትይዝ ነበር።»

«አይቻታለሁ'ኮ» አለች ቆራጯ። «እኔ ስቀጠር እዚያ ጠረጴዛሽ ስር ነበረች። ጋውንሽን ይዛ።»

«አዎ፣ አይተሻታል።»

ከጨርቁ ውሃ ይንጠባጠባል።

«አሁን እንዲህ እናድርግ» አለች እትዬ። «ይሄን እኔ ይዤው ልሂድ። ለማንም አንናገርም። ልጄ ቀይ ነበር ብላ ትያዘው፤ ምን ይጎዳታል? ቀኗን አናበላሽባት። አንቺም በሰው ፊት አትዋረጂ።»

ይሄ ነበር መንገዱ፤ ተጠርጎ፣ ተስተካክሎ፣ በር ተከፍቶለት። ቆራጯ እሺ ብትል ነገሩ እዚያው ይቀበር ነበር። እሺ ለማለትም ተቃርባ ነበር፤ ምን ይደበቃል? እሺ እንደማለት አንገቷን ነቅንቃ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። መቀሷን አነሳች። አንድ መጋረጃ ቆረጠች። ሌላ አንድ ዘረጋች። ሙሽራዋ በማዶ ሆና ብርድ ልብሱን እየጠቀለለች፣ መሃሉን ወደ ላይ አድርጋ ለራዲዮ ስታሳይ ሰማቻት።

«እንዲህ አድርጌ ነው አልጋዬ ላይ የማነጥፈው። የእማዬ ቀይ ወደ ራስጌ እንዲሆን።»

ቆራጯ መቀሷን አስቀመጠች።

«ቆዪ፣ አትጠቅልዪው» አለች።

«ምነው?»

«አምጪው ወዲህ። ዘርጊው።»

ሴቶቹ ማሽናቸውን እየረገጡ ነበር፤ አንድ በአንድ አቆሙ። ቆራጯ ዙሪያዋን አየች። ፊት ለፊቷ ያሉት ሁሉ ለዓመታት እመት ቀለም ያሏት ሰዎች ናቸው።

«እዚህ ላይ የእናትሽ ጨርቅ የለም» አለች። «ቀዩ የኔ ቀሚስ ነው። እናትሽ ያመጣችው ሌላ ነበር። አላማረኝም ብዬ እኔ አወጣሁት። ሳልዘረጋው፣ እንደታጠፈ ጣልኩት። ጠዋት እናትሽ አይታለች፤ ላንቺም ለኔም ብላ ነው የኔ ነው ያለችው። ራዲዮ፣ አንቺንም ዋሽቼሻለሁ።»

ራዲዮ እንኳ ዝም አለች። በዚያ ቤት ራዲዮ ዝም ያለችበት ቀን ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ሙሽራዋ መጀመሪያ እናቷን አየች፣ ከዚያ ቀዩን፣ ከዚያ ቆራጯን።

«ስለዚህ ቅድም የሳምኩት ያንቺን ቀሚስ ነው?»

ከስድብ ሁሉ ይሄ ከፋ። ቆራጯ አንገቷን አልደፋችም፤ መድፋት ፈልጋ ነበር፣ ግን መድፋትም መደበቅ መሰላት።

«አዎ» አለች። «የኔን ነው።»

«እማ፣ አንቺስ እንዴት ዝም ትያለሽ? እንዴት እንዲህ ይደረግብሻል?» አለች ልጅቱ። «አንሶላቸውን ስትተኩሺላቸው ዕድሜሽን ጨረስሽ፤ አንዲት ጨርቅ...»

«ተይ ልጄ፣ ይበቃል» አለች እትዬ። ግን ልጅቱን አልቆጣቻትም።

ቆራጯ ወደ ማድረቂያው ገመድ ሄዳ እትዬ ያሰጣችውን ጨርቅ አመጣች። ገና እርጥበት ነበረው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ልጅቱ ሰማያዊውን ቦታ አየችው፤ የተቀደደውንና በእጅ የተሰፋውን ማዕዘን አየችው። እጇን ዘርግታ አራት ጣቶቿን ኪሱ በነበረበት ቦታ ላይ ኪስ ውስጥ እንደማስገባት አድርጋ አሳረፈቻቸው፤ አውራ ጣቷ ከውጭ ቀረ። ጣቶቿ ከቦታው በለጡ።

«ይቆሽሻል፣ ዘይት አለበት» አለች እትዬ።

«ዘይቱስ ከየት መጣ?»

«እሱም በኔ ነው» አለች ቆራጯ።

ስፌት መፍቻዋን አነሳች። ከቀዩ ላይ ደርባ መስፋት ትችል ነበር፤ ይፈጥናል፣ ያምራልም። ግን ቀሚሷ ከስር ተደብቆ የሚኖርበት ብርድ ልብስ ልጅቱ ቤት እንዲገባ አልፈለገችም። ክሩን አንድ በአንድ በጠሰችው። ቀዩ ተነሳ፤ ጥጡ ታየ። ሴቶቹ ወንበራቸውን እየሳቡ ቀረቡ፤ ራዲዮ ሳትጠየቅ ክር በመርፌ ሰክታ ሰጠቻት። ማንም «አይዞሽ» አላላትም፤ ማንም ደግሞ ትቷት አልሄደም።

«ጥግ ላይ አድርጊው» አለች እትዬ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዳር ላይ ካለው ጋር ይስማማል። መሃሉን ቢጫ አድርጊበት።»

የቆራጯ ዓይንም ያንኑ ነበር የሚላት። ጥግ ላይ ሰማያዊው ከሰማያዊዎቹ ጋር ይዋዋጣል፣ ዘይቱም አይታይም። ዓይኗ ትክክል ነበር፤ እስከዛሬም ተሳስቶ አያውቅም። በርጩማውን ግን አልፈለገችውም። ጨርቁን ዘረጋች፤ የኪሱን ቦታ ወደ ላይ አድርጋ መሃሉ ላይ አስቀመጠችው፤ በእጇ፣ በጥቃቅን ስፌት፣ ዙሪያውን ያዘችው። መርፌው ሁለት ጊዜ ጣቷን ወጋት፤ እንደ ጀማሪ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ አላማረም። እሳቱ መሃል አመዱ አመድ ሆኖ ቀረ፤ ሰማያዊውም ዘይት የጠጣ ሰማያዊ ነው። የቢጫዎቹና የብርቱካኖቹ ጨዋታ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ከዚህ በኋላ ይሄን ብርድ ልብስ ያየ ሰው ሁሉ መሃሉን ማን እንዳበላሸው ይጠይቃል፤ ልጅቱም ትነግረዋለች።

ቆራጯ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ብርድ ልብሱን አጠፈችና አቅፋ ወደ መተኮሻው ጠረጴዛ ወሰደችው። እትዬ ፊት አኖረችው።

«እትዬ» አለች፤ «ትተኩሺልኛለሽ?»

እትዬ ካውያውን ሰካች። ዘይት ከነካው ቦታ ስር ወረቀት አደረገች፤ ጣቷን በምራቋ አርሳ ሙቀቱን ሞከረች። ልጅቱ ከጎኗ መጥታ ቆማለች። እትዬ ካውያውን እንዳነሳች ቆም አለችና ቆራጯን ቀና ብላ አየቻት። ከጠዋት ጀምሮ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው።

«ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል» አለቻት። «ወደ ቢጫዎቹም ሊደርስ ይችላል። ልተወው?»

ቆራጯ ቢጫዋን አየቻት፤ የገዛ ትራስ ልብሷን፤ ከመሃሉ ቀጥላ ያለችውን።

«ይስፋ» አለች።